ወደ ግራ ነው የሚፈታው

ስሜ ሲጠራ በመጀመሪያው ጥሪ «አቤት» ብዬ አላውቅም ነበር። ድምፄ እስኪወጣ ሰው ሁለተኛ ይጠራኛል፤ ያን ጊዜም የሚሰማኝ አጠገቤ ያለው ብቻ ነው። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩት በችግር እንደሆነ ለሰው እናገራለሁ። እውነት ነው፣ ችግር ነበር። ግን መምህሩ ጥያቄ ጠይቆ ወደኔ ሲያይ የሚያጠምቀኝ ላብም አንዱ ምክንያት ነበር፤ ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። አሁን ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። የምነግራችሁ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት ነው። ከቅዳሜ ጠዋት እስከ ሰኞ ማለዳ ነው የቆየው።

ዘሃራ እባላለሁ። መርሳ ከእናቴ ጋር እኖራለሁ። አባቴ፣ አላህ ይርሐመውና፣ አስፋልቱ ዳር ብስክሌት ይጠግን ነበር። እኔ ከትምህርት ቤት መልስ አጠገቡ ቁጭ ብዬ መፍቻ አቀብለው ነበር። ከሱ ጋር ማውራት አያስፈልገኝም፤ እጁን ሲዘረጋ የትኛውን እንደሚፈልግ አውቃለሁ። ሲሞት መሣሪያዎቹ ተሸጡ። ገዢ ያጣው ኮርሳው ብቻ ነበር።

ኮርሳ የድሮው የእሽቅድምድም ብስክሌት ነው። እጀታው እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች የታጠፈ፣ ጎማው ቀጭን፣ ማርሽ መቀየሪያው ከታች ብረቱ ላይ የተተከለ። በዕድሜ ከኔ ይበልጣል። አባቴ በወጣትነቱ ደሴ ላይ ተወዳድሮበታል።

እኔ ወደ ሥራ እሄድበታለሁ። ከሲሪንቃ አለፍ ብሎ አንድ ሰው የማንጎና የአቮካዶ ችግኝ ያፈላል፤ እዚያ አፈር እሞላለሁ፣ አጠጣለሁ፣ አረም አወጣለሁ። እኔና እናቴ የምንኖረው በዚያ ሥራ ነው። ስም የሚጻፈው ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። በዚያን ሰሞን ደግሞ ባጃጅ ከአንድ ሰዓት በፊት መንቀሳቀስ ተከልክሎ ነበር። ሚኒባሱም እስኪሞላ አይነሳም። ስለዚህ ኮርሳው ነበር ያለኝ።

ችግሩ የኋላው ጥርስ ነው። ብስክሌት ለማያውቅ ሰው ልንገር፤ ሰንሰለቱ የሚዞርበት የኋላው ጥርስ ትልቅ ሲሆን ለእግር ይቀላል፣ ትንሽ ሲሆን ይከብዳል። የኔ ኮርሳ የተሠራው ለውድድር ስለሆነ ተደራርበው የተሠሩት አምስቱም ጥርሶቹ ትንንሽ ናቸው። ሜዳ ላይ ይበራል። ከመርሳ ወደ ሲሪንቃ ያለው ዳገት ላይ ግን ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል። ወርጄ እገፋለሁ። እየገፋሁ አረፍዳለሁ።

ሁለት ጊዜ አረፈድኩ። አርብ ማታ ስንለቀቅ ካቦው፣ የሠራተኞቹ ተቆጣጣሪ፣ ጠራኝ። በዕድሜ ብዙ የማይበልጠኝ፣ መዝገብ ብብቱ ሥር የማይለየው ሰው ነው።

«ዘሃራ፣ ሰኞ ካረፈድሽ ስምሽን ሰርዤ ሌላ ሰው አስገባለሁ። በር ላይ ሥራ ሊጠይቁ የሚቆሙትን ታያቸዋለሽ አይደል?»

ራሴን ነቀነቅኩ። «ዳገቱ ነው» ልለው እችል ነበር። አላልኩም።

ቅዳሜ ጠዋት በሚኒባስ ወልድያ ወጣሁ። አሮጌ ብረት የሚሸጡ አንድ ሰውዬ ዘንድ ከብስክሌት የተፈቱ የኋላ ጥርሶች በሽቦ ተሰክተው ተንጠልጥለዋል። እኔ የፈለግኩት መካከለኛውን ነበር። ለዳገቱ ይበቃል፤ በጣም ትልቅ ከሆነ ደግሞ የድሮው ማርሽ ሰንሰለቱን እዚያ ድረስ አያወጣውም። በጣቴ አሳየኋቸው።

«ይሄን ነው የኔ ልጅ?» አሉና ጎኑ ያለውን ትልቁን አወረዱ። «ከተራራ ብስክሌት የወጣ ነው። ይሄ ዛፍ ላይ ያወጣሻል!»

«እሱን አይደለም» ሁለት ቃል ነው። ቆጥሬዋለሁ። ሰውዬው በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡኝ፤ ተቀብዬ ወጣሁ። ሚኒባሱ ውስጥ እስከ መርሳ ድረስ ጭኔ ላይ ይዤው ራሴን ስረግም መጣሁ።

ከሰዓት በኋላ ጎማውን ነቅዬ ጋሽ አያሌው ዘንድ ወሰድኩት። ጋሽ አያሌው ሞተርና ባጃጅ ይጠግናሉ። አባቴ ካለፈ ወዲህ ብስክሌትም የሚወሰደው እሳቸው ዘንድ ነው። እጃቸው ብርቱ ነው። ለሳቸው ያልተፈታ ነገር ማለት ገና በደንብ ያልተመታ ነገር ማለት ነው።

«የአባትሽ ኮርሳ!» አሉ ጎማውን ሲያዩ። «ያ ቀበጥ! በዚህ ሲያልፍ ገበያተኛው ቆሞ ነበር የሚያየው። ምን ልሥራልሽ?»

«ይሄን አውጥተው… ይሄን ያስገቡልኝ።»

«ቀላል ነው፣ ተቀመጪ።»

ቀላል አልነበረም። አባቴ ይህን ጥርስ የሚፈታው ሁለት ጥርስ ባላት፣ ራሱ ሞርዶ በሠራት ቁልፍ ነበር። ቁልፏ መሀለኛው ብረት ላይ ባሉት ሁለት ጉድጓዶች ውስጥ ትገባለች። ከመሀለኛው ወጣ ብሎ ሌላ ክብ አለ፤ እሱም ሁለት ነጥብ አለው፣ ላላየው ሰው የሚፈታው እሱ ይመስላል። አባቴ ያንን ክብ በጣቱ እየነካ «ይሄን የፈታ ሰው ዶቃ ሲለቅም ይውላል» ይለኝ ነበር። ውስጡ የኩሽኔታ ፍሬዎች ናቸውና።

ጋሽ አያሌው መሮ አነሱ። መዶሻ አነሱ። የመሮውን ጫፍ የውጭኛው ክብ ላይ አሳረፉ።

ነገሩ ጉሮሮዬ ድረስ መጣ። ወላሂ መጣ። ግን እሳቸው ትልቅ ሰው ናቸው፤ እኔ ደግሞ ትናንት መፍቻ ሳቀብል የነበርኩ ልጅ። ሰይድ የሚባል ባጃጅ ነጂም አሮጌ የመኪና ጎማ ላይ ተቀምጦ ያያል። በሰው ፊት ጋሽ አያሌውን ላርማቸው?

መቱት። ወደ ግራ መቱት፤ አልተንቀሳቀሰም። ደገሙት።

«ጋሼ፣ ባጃጅ ቢሆን እስካሁን ፈርሶ ነበር» አለ ሰይድ።

«አንተ ዝም በል። ያንተን ባጃጅ የፈታሁ ቀን አልቅሰሃል።» ላባቸውን ጠረጉና ክቡን ጠጋ ብለው አዩት። «ይሄ ነገር በተቃራኒው የሚፈታ ሳይሆን አይቀርም።» መሮውን አዙረው ወደ ቀኝ መቱት። አንድ፣ ሁለት፣ ክቡ ዞረ።

«ተፈታ! አላልኩሽም?»

ጥርሶቹን ይዘው ብድግ ሲያደርጓቸው የኩሽኔታ ፍሬዎች እንደ ምስር መሬቱ ላይ ፈሰሱ። አሸዋው ውስጥ ገቡ፣ የሞተር ዘይት ውስጥ ገቡ፣ ሰይድ እግር ሥር ተንከባለሉ። መሀለኛው ብረት ግን ጎማው ላይ እንደተጣበቀ ቀረ። አዲሱ ጥርስ የሚገባው እሱ ሲወጣ ነው፤ አሮጌው ደግሞ ከእንግዲህ ተመልሶ አይሠራም።

ተቆጣሁ። ማንን እንደተቆጣሁ አላወቅኩም። ተንበርክኬ ፍሬዎቹን መልቀም ጀመርኩ፤ ለምን እንደምለቅማቸውም አላውቅም።

ጋሽ አያሌው ትንሽ ደንግጠዋል፤ ግን በሰው ፊት ነበሩ። «ግድ የለም» አሉ። «ራጂውን ፈትተን መሀሉን ብቻ እንይዘዋለን፤ ከዚያ በመዶሻ ነው።» ራጂ የጎማውን ክብ መሀሉ ላይ ካለው ቱቦ ጋር የሚያያይዙት ቀጫጭን ሽቦዎች ናቸው። ቁልፍ አንስተው አንዱን ፈታ አደረጉ። ወደ ሁለተኛው ሄዱ።

አባቴ በዚህ ነገር ላይ ቀልድ አያውቅም ነበር። የተጣበቀውን ብረት የሚያስለቅቀው ራሱ ጎማው ነው፤ ጎማው እንደ ረጅም ቁልፍ ሆኖ ያገለግላል። ራጂው ከወጣ መሀሉን በምን ይዘህ ታዞረዋለህ? ጎማው አለቀለት ማለት ነው። ጎማው ካለቀ ሰኞ የለም።

«ይተዉት!»

ከኔ አፍ መውጣቱን ያመንኩት ሰይድ ዞር ብሎ ሲያየኝ ነው። የጋሽ አያሌው እጅ ቆመ።

«ምን አልሽ?»

«ራጂውን አይፍቱት። መሀለኛው በሞርሳ ተነክሶ ይያዝና ጎማው ነው የሚዞረው። አባቴ… እንደሱ ነው የሚያደርገው።»

አዩኝ። ከዚያ መሬት ላይ ያሉትን ፍሬዎች አዩ፤ ከዚያ እጄ ላይ ያሉትን።

«ቅድም ክቡን ስመታው፣ እንዳልሆነ ታውቂ ነበር?»

መዋሸት እችል ነበር። «አዎ» አልኩ።

«እያወቅሽ ዝም አልሽ?»

«ትልቅ ሰው ነዎት ብዬ ነው።»

«ትልቅ ሰው!» ቁልፉን መሬት ላይ ወረወሩት። «ትልቅ ሰው በሰው ፊት ሲዋረድ ቁጭ ብሎ ማየት ነው አክብሮት? ጆሮዬ ላይ ብታንሾካሽኪልኝ ምን ነበረበት? አባትሽ ቢሆን ‹አንተ ደንቆሮ፣ ተው› ይለኝ ነበር። ያ ነው የሚያከብረኝ!»

ሰይድ እንኳን አልሳቀም። እኔ እንባዬ መጣ፤ ግን የሐፍረት ብቻ አልነበረም። ዝምታዬን ዕድሜዬን ሙሉ ጨዋነት ነው ብዬ ይዤው ኖሬ ነበር። እሳቸው ንቀት አሉት። ደግሞ ትክክል ነበሩ።

ሲመሽ ጎማውን ተሸክሜ ልሄድ ስል ጠሩኝ። «ነገ ሰንበት ነው፣ እኔ ብረት አልነካም። ሑሴን ብየዳ ቤት ትልቅ ሞርሳ አለ፣ እዚያ ውሰጂው። ከቤተ ክርስቲያን መልስ እመጣለሁ። ሰንበት ያለበት እጄ ነው እንጂ ምላሴ አይደለም።»

እሑድ ረፋድ ላይ ሑሴን ዘንድ ደረስኩ። ሑሴን በርና መስኮት የሚበይድ፣ ሳቂታ ሰው ነው። ነገሩን ሰምቶ ነበር፤ መርሳ ውስጥ ያልተሰማ ነገር የለም።

«አብሽሪ እህቴ፣ ሞርሳዬ የሰይጣን ጥርስም ይነቅላል» አለኝ። ጎማውን አስተኝቶ፣ የተጣበቀውን ብረት ወደ ታች አድርጎ በሞርሳው ሁለት መንጋጋ መሀል አስገባውና አጠበቀው። ጎማው እንደ ገበታ ተዘርግቶ ቆመ። ይህን ጊዜ ጋሽ አያሌው ጋቢያቸውን ተከናንበው መጡና በርጩማ ላይ ተቀመጡ።

«አሁን በየት በኩል ነው የሚዞረው?» አለ ሑሴን።

«ብሎን የሚፈታው ወደ ግራ ነው» አሉ ጋሽ አያሌው። «ይሄ ግን ተገልብጧል። ሲገለበጥ ግራው ቀኝ ይሆናል። ወደ ቀኝ አዙረው።»

«ልክ ነው» አለ ሑሴን።

«ወደ ግራ ነው» አልኩ። ግን ለሻሼ ነው የነገርኩት። ማንም አልሰማኝም። ትናንት የሆነው ሁሉ ሆኖ፣ ያን ሁሉ ተወቅሼ፣ ዛሬም ድምፄ ከከንፈሬ አላለፈም። ያን ቀን ራሴን የጠላሁትን ያህል ጠልቼ አላውቅም።

ሑሴን ጎማውን በሁለት እጁ ይዞ በሙሉ ክብደቱ ወደ ቀኝ ገፋው። ተንጣጣ። ብሶ እየጠበቀ ነበር። ደግሞ ገፋ። ብረቱ ሞርሳው ውስጥ ተንሸራተተና ጠርዙ ተላጠ።

«ወደ ግራ ነው!» ጮህኩ።

ሁለቱም ዞሩ። «ተገልብጧል እኮ» አሉ ጋሽ አያሌው በትዕግስት፣ ለሕፃን እንደሚነገር። ላስረዳቸው ሞከርኩ፤ እግሬ ፔዳል ሲመታ እንደሚያጠብቀው፣ የሚፈታው የዚያ ተቃራኒ እንደሆነ። ቃሎቹ ተምታቱብኝ። ሑሴን «እንዴት?» ሲል ይባስ ጠፉብኝ። አጠገቡ የላስቲክ ውኃ ነበረ፤ እሱን አነሳሁ። ክዳኑን ወደ ታች ገልብጬ በግራ እጄ ጨበጥኩት። «እጄ ሞርሳው ነው። ላስቲኩ ጎማው ነው።» ላስቲኩን ወደ ቀኝ አዞርኩ፤ ጠበቀ። ወደ ግራ አዞርኩ።

ውኃው ጋሽ አያሌው ጫማ ላይ ፈሰሰ።

ሑሴን እስኪያንቀው ሳቀ። ጋሽ አያሌው እግራቸውን አነሱ፣ ጫማቸውን አዩ፣ ላስቲኩን አዩ። «ወደ ግራ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «እግዚአብሔር ይይልሽ፣ የክት ጫማዬ ነው።»

ሑሴን ብረቱን እንደገና አስተካክሎ አጠበቀው። ልክ ጎማውን ሊይዝ ሲል አዛን ተሰማ። እጁን አወረደ። «ሰግጄ ልምጣ፤ ጠብቁኝ» ብሎ ሄደ።

እኔ ቤት ስገባ ልሰግድ ቀረሁ። ጋሽ አያሌው በሰንበት ብረት አይነኩም። ሞርሳው ፊት ለፊቴ ነው። ጎማው ተዘርግቷል። የኔ እጅ ብቻ ነበር ሥራ የፈታው።

«ልሞክር» አልኩ።

«ቆዪ ሑሴን ይምጣ፤ አትችይውም።»

ያዝኩት። ወደ ግራ ገፋሁ። ምንም። እግሬን ሞርሳው የቆመበት እንጨት ላይ አስደግፌ ገፋሁ። ምንም። ሑሴን ወደ ቀኝ ያጠበቀው ሁሉ ተጨምሮበታል፤ ያን እያሰብኩ በንዴት ገፋሁ፤ መዳፌ ተላጠ።

«ነጭ ጋዝ ጠብ አድርጊበት» አሉ ጋሽ አያሌው። «እዚያ መደርደሪያው ላይ። ክሩ ላይ፣ እዚያ አይደለም፣ ወደ ውስጥ! ተይው ትንሽ ይጠጣ።»

ጠበቅን። ደግሜ ገፋሁ። ጋሽ አያሌው ከበርጩማው ተነስተው ቆመዋል። ሁለት ጊዜ እጃቸው ከጋቢው ወጥቶ ወደ ጎማው ተዘረጋ፤ ሁለት ጊዜ ተመለሰ። «ያረብ!» ብዬ ዓይኔን ጨፍኜ ገፋሁ።

ቋ! የሚል ድምፅ ወጣ። የተሰበረ መስሎኝ እጄን ለቀቅኩ።

«አልተሰበረም!» አሉ ጋሽ አያሌው። «ነካ አድርጊው!»

ነካሁት። ጎማው በአንድ እጅ፣ እንደ እንስራ ክዳን ዞረ። ሑሴን ሰግዶ ሲመለስ ጎማው ነጻ ሆኖ እጄ ላይ ነበር። እጄን አይቶ «ማሻአላህ» ብቻ አለ።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ደስ ይለኝ ነበር። አላበቃም። አዲሱ ጥርስ ግራሶ ተቀብቶ በቀላሉ ገባ፤ ጎማውን ኮርሳው ላይ ስንሰካው ግን ጥርሱ ወፍራም ስለሆነ ሰንሰለቱ የብስክሌቱን አካል ይፈጫል። ሑሴን ሮንዴላ፣ ጠፍጣፋ የብረት ቀለበት፣ ፈልጎ ጨመረበት። ሰንሰለቱ አጠረ፤ ከሌላ አሮጌ ሰንሰለት ቁራጭ ቀጠልንለት። ከዚያ የፈራሁት መጣ። ማርሹ ከአዲሶቹ ጥርሶች ትልቁ ላይ አልደርስ አለ። ስጎትተው ሰንሰለቱ ይንጠለጠላል፣ ይንጓጓል፣ ይመለሳል። ማርሹ ላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን እያጠበቅኩ፣ እያላላሁ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ታገልኩ። በመጨረሻ ጋሽ አያሌው «ትልቁን ለጌጥ ተይው፤ ሁለተኛው ይበቃሻል» አሉ። ያ ሁሉ ድካም ወልድያ ላይ ባልተናገርኳቸው ሁለት ቃላት የመጣ ነው። ለሳቸው ግን ይህን ነገርኳቸው። ጮክ ብዬ ነው የነገርኳቸው።

ሰኞ ገና ሳይነጋጋ ወጣሁ። ሜዳው ላይ አዲሱ ጥርስ ይንቀጫቀጫል። ዳገቱ ሲጀምር ሰንሰለቱን ሁለተኛው ላይ አወጣሁት፤ አንዴ ዘለለ፣ ሁለተኛ ዘለለ፣ ከዚያ ያዘ። ወርጄ የምገፋበት ቦታ ደረሰ። አልወረድኩም። ፔዳሉ ከብዷል፣ ግን ይዞራል። ሲሪንቃን ሳልፍ ደረቴ እንደ ወናፍ ነበር።

የችግኝ ጣቢያው በር ላይ ካቦው የመጡትን ጽፎ መዝገቡን እየከደነ ነበር። በእግር መጥተው የቀደሙኝ ሁለት ሴቶች ገብተዋል። ሥራ ጠያቂዎቹ አጥሩ ሥር ቆመዋል። ካቦው ቀና ብሎ አየኝና ራሱን ነቀነቀ።

«ዘሃራ፣ ነግሬሽ ነበር። አልፎብሻል።»

ሰዓት የለኝም። ግን ሰማዩን አየሁ፤ በሌላው ቀን በዚያ ብርሃን ገና ዳገቱ ላይ ነበር የምሆነው። የዱሮዋ ዘሃራ ኮርሳዋን አዙራ ቁልቁል ትወርድ ነበር። ለእናቷም «አረፈድኩ» ብላ ትነግራት ነበር። እሷም ታምናት ነበር።

«አላለፈብኝም» አልኩ።

«ምን አልሽ?»

«አላለፈብኝም። ሰዓትህን እይ።»

ሞባይሉን አወጣ። አየው። ግንባሩ ተቋጠረ። «ገና ስድስት ደቂቃ አለ» አለ ለራሱ እንደሚናገር። «ሁልጊዜ ስለምታረፍጂ እኮ ነው፣ ሳይሽ ያለፈ መሰለኝ።» መዝገቡን ከፈተ። ስሜን ጻፈ። ሲጽፍ ቆሜ አየሁት፤ እስኪጨርስ አልሄድኩም።

ወገኖቼ፣ ከዚያን ቀን ወዲያ ደፋር ሆንኩ ብዬ አልዋሻችሁም። ዛሬም ሰው ሲበዛ ላብ ያጠምቀኛል። ግን አንድ ነገር ገብቶኛል። ሦስት ቀን ሙሉ ስታገል የነበረው ከብረት ጋር መስሎኝ ነበር። ያን ዳገት ወጥቼ፣ በሰዓቱ ደርሼ፣ አፌን ባልከፍት ኖሮ ሥራዬ ያው ይሄድ ነበር። ካቦው ክፉ ሰው አልነበረም። ጋሽ አያሌውም፣ ወልድያ ያሉት ሰውዬም ክፉ አልነበሩም። ማናቸውም የማውቀውን አያውቁም ነበር፤ የማውቀው ደግሞ እኔ ዘንድ ተቆልፎ ነበር።

ስለዚህ ታላቅ ሰው ላለማሳፈር፣ ጨዋ ለመባል፣ «እኔ ማን ነኝና» ብላችሁ ዝም የምትሉ ካላችሁ፣ ይህን የምለው ለእናንተ ነው። ሰውዬው መዶሻውን ሳያነሳ ተናገሩ። ጠጋ ብላችሁ ጆሮው ላይም ቢሆን ተናገሩ። ድምፃችሁ ይንቀጠቀጥ ይሆናል። ይንቀጥቀጥ። የኔም እስካሁን ይንቀጠቀጣል።